ቁልፉንም ስጧቸው፦ በወጣት ሴት በጎ ፈቃደኞች የእውቅና መርሃ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የወረዳችን አመራሮች፣ የእድር ዳኞች፣ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ስማችሁ የሚጠራ ልጆቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ?

አዘጋጆቹ “አስር ደቂቃ አለዎት” ብለውኛል። ዕድሜዬን በሙሉ አስተማሪ ነበርኩ። ደወል ሳይደወል ማቆም አልለመደብኝም፤ እሞክራለሁ።

የተሸላሚዎቹን ዝርዝር ቀደም ብለው ልከውልኝ አንብቤዋለሁ። ከየስሙ ጎን አንዳንድ መስመር ተጽፏል። “በአረጋውያን ድጋፍ የላቀ አስተዋፅኦ።” “በማጠናከሪያ ትምህርት የላቀ አስተዋፅኦ።” ሁሉም የላቀ አስተዋፅኦ ነው። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ሥራው አይታይም። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አረጋውያንን የምትረዳው ልጅ አንድ ደብተር አላት። ማዕዘኑ የተላላጠ፣ ዘይት የነካው ደብተር ነው። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ቤት ነው። የግፊት መድኃኒት መቼ እንደሚያልቅ ተጽፏል። የጤና መድህን መታወቂያ መቼ እንደሚታደስ ተጽፏል። አንዱ ገጽ ላይ “ጆሯቸው ስለማይሰማ በሩን ትቶ መስኮቱን ማንኳኳት” ይላል። ሌላው ላይ “ልጃቸው ከቤሩት የምትደውለው እሑድ ማታ ነው፤ ስልኩ ቻርጅ መደረጉን ማየት” ይላል። ሌላው ላይ ደግሞ “ምስር አይወዱም” ብቻ ነው የሚለው። ሳቄ መጣ። ግን አስቡት፤ እነዚህን አዛውንቶች ከዚህች ልጅ የበለጠ የሚያውቃቸው መሥሪያ ቤት አለ? አመራሮች አትቀየሙኝ፤ ያለ አይመስለኝም።

ክረምቱን ሙሉ በሚያፈስ ክፍል ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሚኒስትሪ ያዘጋጁትም አሉ። የነሱን ልፋት ውጤቱ ስለሚናገርላቸው አልፈዋለሁ። ትንሽ ቆም ልል የፈለግኩት የቁም ሳጥኑ ታሪክ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አትጠይቁኝ። የሴቶች ክበብ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ሞዴስ ገዙ። ሳሙና ጨመሩ። የውስጥ ሱሪና አንድ ሁለት ትርፍ ጉርድ ቀሚስ ጨመሩ። ከላቦራቶሪ የተጣለ አሮጌ ቁም ሳጥን አጥበው እዚያ ውስጥ አደራጁት። ቁልፉን ከተሸላሚዎቻችን አንዷ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሠረችው። የቸገራት ልጅ ትመጣለች፣ ትወስዳለች፣ ትሄዳለች። ማንም ምንም አይጠይቃትም። በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆች መቅረት ተዉ።

ከዚያ ሥራው ስም አወጣ። ስም ሲያወጣ ቢሮው ትዝ አለው። “ይሄ እኮ ንብረት ነው” ተባለ። ንብረት ከሆነ ቁልፉ ቢሮ መቀመጥ አለበት። መዝገብም ተዘጋጀ። ስም፣ ክፍል፣ ፊርማ፣ ምክንያት። ምክንያት! የአስራ አራት ዓመት ልጅ የወንድ ኃላፊ ቢሮ አንኳኩታ፣ ሁለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እያያት፣ ምክንያቷን እንድትጽፍ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። የንብረት አያያዝ መመሪያውን ነው የተከተሉት። ግን ልጆቹ መምጣታቸውን አቆሙ። ወሩ ሳያልቅ “ተማሪዎች ፍላጎት ስላላሳዩ” የሚል ሪፖርት ተጻፈ።

ልጅቷ ምን አደረገች? አላለቀሰችም፤ ፌስቡክ ላይም አልወጣችም። እናቶችን ቤት ለቤት ዞራ ሰበሰበችና ይዛቸው ቢሮ ሄደች። መዝገቡን ከፍታ ባዶውን ገጽ አሳየች። ቁልፉ ተመለሰ።

ይሄ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ መቀሌ ላይ የሆነውን ያስታውስ። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ የተማሩት ኬሚካል ምህንድስና ነው። ያንን ዕውቀት ይዘው ታጥቦ የሚደገም የንፅህና መጠበቂያ ሠሩ፣ ፋብሪካ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣቸው። በዓለም ፊት ያስከበራቸው ይኸው እኛ ስሙን ለመጥራት የምናፍረው ጉዳይ ነው።

የዛሬ ጉዳዬ እንግዲህ ይሄ ቁልፍ ነው። ሴት ልጆቻችንን ሥራ ላይ ማመን ለምደናል። ቁልፉ፣ ማህተሙ፣ ሰብሳቢነቱ ጋ ስንደርስ ግን እጃችን ያጥራል። ኮሚቴ ሲቋቋም አይታችኋል አይደል? ሰብሳቢ እሱ፣ ምክትል ሌላው እሱ። ከዚያ “ጽሕፈቷ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤ ትያዝ” ይባላል። በቃ። ሻይ ቡናውንም እግረ መንገዷን።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። ወጣቶቹ ላታውቋቸው ስለምትችሉ ትንሽ ላውራላችሁ። ከምባታ ውስጥ ዛቶ በምትባል መንደር ነው የተወለዱት። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት በማትላክበት ጊዜ ውኃ ልቅዳ ብለው እየወጡ ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ። ኋላ እስራኤልም አሜሪካም ሄደው ተማሩ። እዚያ መቅረት ይችሉ ነበር። ተመለሱ።

ሲመለሱ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሊያስተምሩ ነበር ሐሳባቸው። ሕዝቡ ግን ሌላ ችግር ነበረው። ድልድይ የለም። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ ለመድረስ ይቸገራሉ። ቦጋለች “እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም” አላሉም። ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ሆነው ለድልድዩ የሚያስፈልገውን ቁሳቁስ አቀረቡ። ሰው ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ጎረምሳው፣ ልጃገረዷ አብረው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት የማህበረሰብ ውይይት ተጀመረ።

ውይይቱ ቀላል አልነበረም። የግርዛት ጉዳይ እናትና ልጅ እንኳ የማያወሩት ነገር ነው። ግን እየቆየ አፍ ተፈታ። ያልተገረዙ ልጃገረዶች በአደባባይ መዳር ጀመሩ፤ ሙሽራውም በዚያው አደባባይ ይሄንን ፈልጌ ነው ያገባሁት ብሎ አሳወቀ። ሁሉም ሴት ልጅ ትገረዝበት በነበረው አካባቢ፣ አስር ዓመት ገደማ በኋላ ድርጊቱ ከ3 በመቶ በታች መውረዱ ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂጉ የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ተሰጣቸው። በ2019 አረፉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከሽልማቱ ይልቅ ድልድዩ ነው። እናንተ ልጆች ይሄንን ነገር ያዙልኝ። ሰፈር ስትገቡ ዕቅዳችሁን አንብባችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ምን እንደቸገራቸው ጠይቁ። መልሱ ከዕቅዳችሁ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ፍሳሽ ሊሆን ይችላል፣ የመንገድ መብራት ሊሆን ይችላል። እሱን ያዙ፤ ጆሮ የሚሰጣችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ወደ አመራሮቹ የሚሄድ ነገር አለኝ።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበር። አስረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ ተባለ። “እነዚህ ልጆች ምን ያውቃሉ?” የሚለው ብዙ ነበር። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተራራ ወጡ። አስከተቡ፣ መፀዳጃ ቤት አስቆፈሩ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አስተማሩ፣ አጎበር አደሉ። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ።

መጀመሪያ ላይ ግን የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሲመጣ መድኃኒት መስጠት አይፈቀድላቸውም ነበር። ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ጤና ጣቢያው ደግሞ ስንት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ራሳቸው እንዲያክሙ ሥልጠናውም፣ መድኃኒቱም፣ ሥልጣኑም ተሰጣቸው። አገራችን አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1990 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 በላይ ከነበረበት፣ በ2012 ወደ 68 አውርዳለች። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉንም ለእነሱ አልሰጥም። ግን እነሱን ሳይጠራ ይሄንን ታሪክ የሚያወራ ሰው ግማሹን ነው ያወራው።

ይሁንና እዚያም ቢሆን ሄዳችሁ ስብሰባቸውን ተመልከቱ። ከታች ያሉት በሙሉ ሴቶች ናቸው። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ጠረጴዛው ይቀየራል። የኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉት የጤና ሠራተኞች 70 በመቶው ሴቶች ናቸው። ከፍተኛ አመራር ላይ ያሉት ግን 25 በመቶ ብቻ ናቸው። የሌላውም አገር ነው ብለን ግን አንጽናና።

እናቶች፣ እናንተም አላመለጣችሁም። ልጃችሁ ለበጎ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት ቤት ጠርጋ፣ ዕቃ አጥባ፣ ወንድሟን ምሳ አብልታ ነው የምትወጣው። ወንድሟ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው! ምሳውን ራሱ አውጥቶ ቢበላ አይሞትም።

ለልጆቹ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። “ነይ እስቲ አንቺ ጎበዝ ነሽ” ተብሎ ሁሉም ሥራ ሲጫንባችሁ እምቢ ማለት ነውር አይደለም። ስብሰባ ስትጠሩ ማን እንደሚፈርም ጠይቁ። በጀቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ያዢ ከተባላችሁ ያዙ፤ ግን የራሳችሁንም ሐሳብ እዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዝግቡ። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። ሰው ሁሉ ከንፈር ሊመጥላቸው ይችል ነበር። እሳቸው ግን ሕግ ተማሩ፣ ዩኒቨርሲቲ እያሉ የሴት ተማሪዎችን ማህበር መሩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ቦርድ ላይ እንደተቀመጡ ቆጥሬ አልጨርስም። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስደዋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነው ሥራውን የሠሩት።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልምጣ። እድራችን ውስጥ ሥራ አስፈፃሚ ነኝ። የኛ እድር መተዳደሪያ ደንብ አባል የሚያደርገው አባወራና እማወራን ነው። ከወላጆቿ ጋር የምትኖር የሃያ አራት ዓመት ሴት በስሟ መመዝገብ አትችልም። ሐዘን ሲመጣ ግን ድንኳኑ ጋ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሰሃን ታጥባለች። ወሩ ሲያልቅ ስብሰባ ላይ ድምፅ የላትም። ያቺ የአረጋውያኑን ደብተር የያዘችው ልጅ እንኳ፣ ከአባላቱ ግማሹን በመድኃኒታቸው ስም እያወቀች፣ ድምፅ የላትም።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት አጀንዳ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። አንደኛው፣ አስራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ወጣቶች፣ ሴትም ወንድም፣ በስማቸው አባል ይሁኑ፤ መዋጮው ግማሽ ይሁን። ሁለተኛው፣ የአረጋውያን ድጋፍ የሚባል ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ሰብሳቢዋ ከነዚህ ልጆች መካከል ትመረጥ፤ ቼኩ ላይም ሁለተኛ ፈራሚ እሷ ትሁን። ዳኛችን ጋሼ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሰምተውኛል፤ ፈገግ ብለዋል። ጋሼ፣ ይሄ ፈገግታ “እሺ” ነው ወይስ “እናያለን”? ሕዝቡ ምስክር ነው።

አስር ደቂቃዬ አልቋል መሰለኝ፤ የመድረክ መሪው ሰዓቱን እያየ ነው። እሺ፣ ስማቸው ይጠራ። አመሰግናለሁ።