በታንኳ የመጣ ሰርገኛ

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ ማታ የምታዩት አስቂኝ ፊልም የተነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ሙሽራው በመኪና መምጣቱን ትቶ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ በደንገል ታንኳ ጣናን አቋርጦ ቢመጣ፣ የሙሽሪት ወገኖች «አናስገባም» ብለው የሚቆሙት የት ላይ ነው? ሐይቅ በር የለውም። እናቴን ብጠይቃት «ውሃው ውስጥ ገብተን እንቆማለን እንጂ ወጉማ አይቀርም» አለችኝ፤ የፊልሙ ዋና ትዕይንት የተጻፈው በዚያው ምሽት ነው።

የሰርግ ኮሜዲ ሥርዓቱን ካላወቀ አያስቅም። ተመልካቹ ሽማግሌ መላኩን፣ ጥሎሹን፣ ጉልበት መሳሙን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ከነቅደም ተከተሉ ስለሚያውቅ፣ አንዱ ከቦታው ፈቀቅ ሲል ማንም ሳያስረዳው ይስቃል፤ ስለዚህም በወጉ ላይ ለማላገጥ አንዲት መስመር አልጻፍንም። ሙሽራው ታንኳ ላይ የተቀመጡትን አባት ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲል የሚያስቀው አብሮት ያዘነበለው ታንኳ ነው፤ ጉልበት መሳሙ አይደለም። በዚህ ልዩነት ላይ በቅንብር ወቅት ከባልደረቦቼ ጋር አጥብቀን ተከራክረን፣ እጅግ የሚያስቅ አንድ ትዕይንት የሙሽሪትን እናት ስላዋረደ ብቻ ቆርጠን ጥለነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ለእይታ የበቃው የሰርግ ኮሜዲ ፊልም «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። እኔን የሳበኝ ገቢው ሳይሆን፣ ጸሐፊዋና ዋና ተዋናይዋ ኒያ ቫርዳሎስ የገዛ ቤተሰቧን ነገር አስቀድማ ብቻዋን መድረክ ላይ ስትጫወተው መቆየቷ ነው።

እኛን ያስቸገረን ጣና ራሱ ነበር። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳዎቹን ፀሐይ ላይ ማድረቅ ግድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሲነሳ ድምፅ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ የሰርገኛውን ትዕይንት በሙሉ ማለዳ ቀረጽነው፤ ሰርገኛ ግን ማለዳ ስለማይደርስ፣ ታሪኩን ቀይረን ሙሽራው ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዝፍ እንዲያድር አደረግን። አሁን ከፊልሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ሌሊት ነው።

ታንኳዎቹን የሠሩልን አባት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ታንኳ የሚገለበጠው ድርሰቱ ስለሚያዝ እንጂ በሥራቸው ጉድለት እንዳልሆነ በሕዝብ ፊት እንድናገር አደራ ብለውኛል። አባባ፣ አደራዎን አድርሻለሁ።

መብራቱ ይጥፋልን።