ደሜ ምን አለ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ደብረ ማርቆስ ላይ ዛሬ ከማለዳው ጀምሮ እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ድምፄ መሐል መሐል ላይ ቢዋጥ ታገሡኝ። እንግዳ አልጋበዝኩም። የማነሣው ነገር ብዙ ዓመት ከእኔ ጋር የኖረ ስለሆነ ብቻዬን ልናገረው ፈለግሁ።

አክስቴ የእግር ሕመምተኛ ናት። በእኛ አካባቢ ዝሆኔ የሚባለው ነው። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ለብ ያለ ውኃ የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለው ቆዳ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል፤ በጣቶቿ መካከል ያለው ስንጥቅ ቀይ አፈር ይይዛል፤ እሷ በጨርቅ ጫፍ ቀስ እያለች ታወጣዋለች። ቅዳሴ ስትሄድ ከሌሎቹ ሴቶች ተለይታ ከዋርካው ሥር ትቆም ነበር። ከዚያ ቁሚ ያላት የለም፤ ከእኛ ጋር ቁሚ ያላትም አልነበረም።

አንድ ቀን መኪና መጣ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች እግሯን በሜትር ለኩ፣ ብዙ ጥያቄ ጠየቁ፣ ከክንዷ በትንሽ ብልቃጥ ደም ቀዱ፣ አመስግነዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። አክስቴ ግን ለዓመታት፣ ከመንገዱ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ «ያ ደሜ ምን አለ?» ትል ነበር።

እኔ አድጌ የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከተመራማሪዎች ጋር መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ እወጣለሁ። መጠይቅ እሞላለሁ፣ ሜትር እይዛለሁ፣ ከገበሬው ጋር አስተዋውቃለሁ። ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ለሁሉም የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥራህን ለእናትህ እንዴት ነው የምታስረዳት? ምን አስጀመረህ? የሚመልሱልኝን ሳዳምጥ የኖርኩት ለራሴ ብቻ አልነበረም። አክስቴን እያሰብኩ ነው።

ከአፈር ተመራማሪው ልጀምር። አንድ ክረምት ከእርሱ ጋር ከአንድ ተፋሰስ መውጫ ላይ ከረምን። ዝናቡ ሲወርድ ወንዙ ደፍርሶ ይሞላል፤ ያን ጊዜ በየ10 ደቂቃው ከጎርፉ አንድ ሊትር በፕላስቲክ ጠርሙስ እንቀዳለን። ማሳው ከወንዙ ዳር ያለ አንድ አዛውንት በረኖሳቸውን ተከናንበው ሲያዩን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ንጹሑን ትታችሁ ድፍርሱን የምትቀዱት ለማን ነው?» አሉን። ተመራማሪው ያኔ ምንም አላለም። ጠርሙሱን ሌሊቱን አሳደረው። ጠዋት ይዞላቸው ሄደ። ውኃው ጠርቷል፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ቡናማ ጭቃ ተኝቷል። «አባቴ፣ ይህ የእርስዎ መሬት ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሄደው አንዷ ሊትር ናት» አላቸው።

አዛውንቱ ጠርሙሱን ተቀብለው ዘቀዘቁት፣ መልሰው አቆሙት። ጭቃው ተነሥቶ እንደገና እስኪተኛ ድረስ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «የአባቴ ማሳ እስከዚያ ግራር ድረስ ነበር» አሉና በእጃቸው አሳዩን። ግራሩ ዛሬ የቆመው ከገደሉ ማዶ ነው።

ያ ልጅ ለእናቱ ሲያስረዳ የሚጠቀመው ያንኑ ጠርሙስ ነው። ያስጀመረው ደግሞ አንጀኒ ነው። ደምበጫ አካባቢ 113 ሄክታር ገደማ የሆነች ትንሽ ተፋሰስ ናት፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዝናቧና ጎርፏ ሲለካ የኖረባት። በ1978 ዓ.ም. ገደማ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተወረወረ የሚሠራው እርከን ገባባት፤ ፋኛ ጁ ይሉታል፣ ቃሉ ስዋሂሊ ነው። ዛሬ እርከኖቹ ሞልተው እንደ መደብ ደልድለዋል። «ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥቶ የለካ ሰው ባይኖር ኖሮ እርከኑ መሥራቱን በምን እናውቅ ነበር?» ይለኛል። ስማቸው በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ያልሰፈረ፣ በሌሊት ጎርፍ ጠርሙስ ይዘው የወረዱ የአካባቢው ልጆች ናቸው የሚያሳስቡት። እኔንም ያሳስቡኛል።

አሁን ወደ አክስቴ ሕመም ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ እርሱ ነውና።

ዝሆኔ ሲባል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው በወባ ትንኝና በመሰሎቿ የሚተላለፈውን፣ ትል የሚያመጣውን ነው። ያ የቆላ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ያለው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ትል በማይገኝበት ደጋ ይህ ሁሉ እግር ለምን ያብጣል ብሎ ጠየቀ። ሕመምተኞቹ የሚኖሩበትን ቦታ ሲያስተያይ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ አፈር ካለበት አገር ጋር ገጠመለት። የዕጢዎቻቸውን ናሙና በማጉሊያ ሲያይ የማዕድን ብናኝ አገኘ። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ ከግሪክኛው እግርና አቧራ ማለት ነው። አድማጮቼ፣ አንድ ሐኪም የሕመምተኛውን እግር ትቶ ሕመምተኛው የሚረግጠውን መሬት ማየቱን አስቡት። በዚህ በኩል የሥነ ምድሩ ሰው ይገባል፤ ጮቄ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነውና፣ ከቤቴ በር ቆሜ የማየው ተራራ የአክስቴ ሕመም መነሻ መሆኑን የነገረኝ እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሰው ከዋርካ ሥር ቆሞ አርጅቷል!

ታዲያ አንድ ሰፈር፣ አንድ አፈር፣ ሁሉም ባዶ እግሩን እያረሰ አንዱ የሚታመመው ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ የዘረ መል ተመራማሪው ይመጣል። መልሱ ከፊሉ በደም ውስጥ ነው፤ ለአፈሩ ብናኝ ሰውነታቸው አብልጦ የሚቆጣ ቤተሰቦች አሉ። ነገር ግን ይህን በአማርኛ ለገጠር ሰው መንገር ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «በዘር ነው» የምትል አንዲት ቃል የሴት ልጅ ጋብቻ ታፈርሳለች። የአክስቴ ታናሽ እህት ታጭታ የቀረችው በዚህች ቃል ነው። እውነቱን መደበቅ ደግሞ ውሸት ነው።

አንዲት ነርስ እንዴት እንደምታስረዳ በጆሮዬ ሰማሁ። የቤቱ ሰው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጧል። ከማገዶው ሁለት እንጨት አነሣች፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ። «ሁለቱን እሳት ላይ ብጥላቸው የትኛው ይቀድማል?» አለች። ደረቁ አሏት። «እሳት ባይኖርስ?» ዝም አሉ። «እሳት ከሌለ ደረቁም እንጨት እንጨት ሆኖ ይኖራል። እሳቱ ቀዩ አፈር ነው። እግር ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ካደረገና በሳሙና ከታጠበ እሳቱ የለም።» አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እንግዲያ ልጅ መከልከል የለብንም፤ ጫማ ነው እንጂ» አሉ። እኔ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የሳይንስ ማብራሪያ የሰማሁ አይመስለኝም። ለምን ይህን ሥራ እንደያዘች ስጠይቃት አያቷን ነገረችኝ። ከዚያ ብዙ አላወራንም።

የጤፍ አዳቃዩን በአጭሩ ላንሣው። የሚነግረኝ ሁልጊዜ ስለ ሰዓት ነው። የጤፍ አበባ ከዓይን የምታመልጥ ደቃቅ ናት፤ ጤፍ አይዳቀልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ ደብረ ዘይት ላይ አበባዋ ማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት። ማኛና ዱከም የሚባሉት ዝርያዎች ተዳቅለው በ1998 ዓ.ም. የወጣው፣ የምንበላው ቁንጮ የሚባለው ጤፍ ከዚያ ግኝት የተነሣ ነው። ይህ ወዳጄ ለእናቱ፣ «አንቺ ለቅዳሴ ስትነሺ እኔም ለአበባ እነሣለሁ» ብሏታል። እሷም ስትመርቀው፣ «የማለዳ እጅህን ይባርክልህ» ትለዋለች አለኝ።

ቅኔ የምታጠናዋ ልጅ ደግሞ ከሁሉም የተለየች ናት። የምትመዘግበው ቅኔውን ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር ትጽፋለች። የትኛው ዛፍ ሥር፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ፣ በስንት ሰዓት። ሰዎች፣ ይህ ምን ይረባል ይሏታል። እኔ ግን ይገባኛል፤ የጎጃም ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከመንደር ርቆ አንድ ሐሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውለው ትናንት ያልተባለ ነገር ለማግኘት ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ለእሷ ቀኑን ሙሉ የሚጾም አለ። ማታ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ነገ ሌላ። ያስጀመሯት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ሥውር ሆነው ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ እዚሁ ጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ያስተማሩት። «ሴት ቅኔ ምን ሊያደርግላት ሲሉኝ እርሳቸውን አስባለሁ» አለችኝ። የቀዳችውን ድምፅ ለየመምህሩ መልሳ ታሰማለች፤ ያልወደዱትን ታጠፋለች። ይህን ግዴታ ያደረገባት የለም።

እኔ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ናሙና የሚወስድ ሰው መልስ ይዞ መመለስን ለምን ትርፍ ነገር ያደርገዋል? ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል፣ ማዕረጉ ይሰጣል፣ ደሙን የሰጠው ሰው ግን ከመንገድ ዳር ቆሞ የመኪና ድምፅ ያዳምጣል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንላለን፤ አክስቴ ግን ተናግራ ነበር። የሚሰማት ነው የጠፋው።

ባለፈው ጥቅምት ወደ መንደር ወረድኩ። የእርሷ ደም የት እንደደረሰ ማወቅ አልችልም፤ ይህንንም አልደበቅኋትም። ከሌሎች ብዙ ሰዎች ደም የተገኘውን ግን ነገርኳት። ምድጃው ዳር ሁለት እንጨት አነሣሁ፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ። ጮቄንም በበሩ በኩል አሳየኋት። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ካልሲና ሰፊ ጫማ አድርጋ ነበር፤ አሁን በየቀኑ በሳሙና ታጥባለች፣ ቫዝሊን ትቀባለች፣ እብጠቱም ቀንሶላታል። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እንግዲህ እርግማን አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ እቴቴ።»

ከበሩ ውጭ የጎረቤት ልጆች በባዶ እግራቸው ቀዩን አፈር እየረገጡ ጥጃ ያባርራሉ። ቆይታ፣ እነሱን እያየች፣ «የእነዚህን ቁጥር ታውቃለህ? የጫማቸውን?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ከማገዶው ስንጥር ሰበረችና ትልቁን ልጅ ጠራችው፤ እግሩን አስቁማ በስንጥሩ ለካችው፣ በጥፍሯም ምልክት አደረገችበት፣ «ገበያ ስትወጣ ይዘኸው ሂድ» ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ጠራች።