እንቅልፋም የምንባልባቸው ዓመታት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ስለ እንቅልፍ ላውራችሁ።

ልጅ ሆነን እንቅልፍ ራሱ ነበር የሚፈልገን። እራት ሳይቀርብ ሶፋ ላይ ድፍት፤ ጠዋት አልጋ ላይ መገኘት። ማን ተሸክሞ እንዳስተኛን እንኳ አናውቅም። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም በዚያ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው።

ከዚያ ጉርምስና መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ! አባቴ "መብራቱን አጥፋ!" ይላል። አጠፋለሁ፤ ግን በጨለማ ጣሪያውን ማየት ነው። ጠዋት ደግሞ "ይሄ እንቅልፋም!" ይመጣል። እኛ ቤት አርፍዶ መነሳት ስንፍና ብቻ ሳይሆን የአስተዳደግ ጉድለት ነበር።

ስንፍና ግን አይደለም። ሲመሽ አንጎላችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይለቅቃል፤ ሰውነት መምሸቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። በጉርምስና ይህ ከወትሮው እስከ ሁለት ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ላይ ጎረምሳ እንደ ሕፃን ቶሎ እንቅልፍ አይጫነውም። በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ካርስካደን ይህንን ለአሥርት ዓመታት አጥንተዋል። ስልክ ያባብሰዋል፣ እሺ። እኔ ግን ያኔ ስልክ አልነበረኝም!

ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። እስቲ አስሉት፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ሲቀሰቀስ ስንት ተኛ? እሑድ እስከ ቀትር ቢተኛ ዕዳውን እየከፈለ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 2:30 በፊት እንዳይጀምሩ መክሯል። ካሊፎርኒያ በሕግ ደንግጋው በ2022 ሥራ ላይ ዋለ። እኛ ያረፈድን ጊዜ ግን በሩ ላይ ተንበርካኪ ነበርን።

ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥማ ቀስቃሽም የለ! ጀርመናዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ ቲል ሮነበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተሙት፣ አምሽቶ የመተኛቱ ነገር ጫፍ የሚነካው 20 ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ ሴቶች ትንሽ ይቀድማሉ። ከዚያ በኋላ መኝታው ቀስ በቀስ ወደ ጊዜው ይመለሳል። እኔም አሁን በ4 ሰዓት ማዛጋት ጀምሬያለሁ፤ ማንም አልመከረኝም።

ወላጆች፣ ጠዋት መጋረጃውን ክፈቱለት፤ የጠዋት ብርሃን ማታ ቶሎ እንዲተኛ ያግዘዋል። ማታ አምፖሉን ቀነስ፣ ስልኩን ራቅ። ስድቡ ግን ሜላቶኒን አያመጣም። የትምህርት መግቢያ ሰዓትን ነገር በሚቀጥለው ክፍል ከአንድ መምህር ጋር እናወራበታለን።