ገበናቸውን ለማስፈራሪያ አናድርገው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ለጥንዶች ስለሚዘጋጅ የሥነ ልቦና አስፈሪ ላርፕ ተናገር ብላችሁኛል፤ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችን አብረን ስለሠራን ላርፕ፣ ማለትም ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው ታሪኩን በአካል የሚኖሩበት ጨዋታ፣ ምን እንደሆነ አላብራራላችሁም። ስለ መብራቱና ስለ ድምፁ ኋላ እመጣለሁ። እዚህ የቆምኩት ግን ለአንድ ጉዳይ ነው፦ የጥንዶችን እውነተኛ ገበና ለማስፈራሪያ መጠቀም ይቁም!

በረዳትነት የሠራሁበት አንድ ጨዋታ ነበር። አዘጋጁን በስም አልጠራም። ተጫዋቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ለየብቻ መጠይቅ ሞልተዋል። አንዱ ጥያቄ «ለአጋርዎ ነግረው የማያውቁት ነገር ምንድን ነው?» ይላል። ለደኅንነታቸው የተጠየቀ መስሏቸው አምነው ጻፉ። ጨዋታው ሲጋጋል አንዲት ሴት ብቻዋን ወደ ጨለማ ክፍል ተላከች። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ይጮኻል። አነሳችው። የማታውቀው ድምፅ ባሏ የጻፈውን ቃል በቃል አነበበላት። «ከእሷ ጋር የቀረሁት ብቻዬን መሆን ስለምፈራ ነው» ይላል። ስልኩን አልዘጋችም። ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በአውራ ጣቷ ቀለበቷን ታሽከረክራለች። ከዚያ ባሏን ጠራችው፤ በገጸ ባሕርይው ስም ሳይሆን በራሱ ስም። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ «ያዝናት!» ብሎ ፈነደቀ።

ምኑን ነው የያዝናት? ይሄ ፍርሃት አይደለም፤ ክህደት ነው። በአደራ የተሰጠን ምስጢር አውጥቶ ሰው ማስለቀስ ምን ችሎታ ይጠይቃል? ማንም ያደርገዋል! የእኛ ሙያ የሌለውን ፈጥሮ ማስፈራት ነው።

ብሊድ የምንለውን ታውቁታላችሁ። የገጸ ባሕርይው ስሜት ወደ ተጫዋቹ ያልፋል፤ የተጫዋቹም ወደ ገጸ ባሕርይው። የማይተዋወቁ ሰዎች ጨዋታው ሲያልቅ በየፊናቸው ይሄዳሉ። ጥንዶች ግን አንድ ቤት ነው የሚገቡት።

ታዲያ በምን እናስፈራ? በልብ ወለዱ። ሌላ ስም፣ ሌላ ታሪክ ስጧቸው። ስለ አንድ ሌሊት የሚያወሩ ሁለት ካርዶች ጻፉ። በእሱ ካርድ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። በእሷ ካርድ በሩ እስኪነጋ አልተከፈተም። ሁለቱም አይዋሹም። ከዚያ ጣልቃ አትግቡ፤ ጥርጣሬው ራሱ ይሠራል። መብራትና ድምፅ ከዚህ በኋላ ማጀቢያ ናቸው።

የቀረውን በአጭሩ። ስምምነት ከእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠየቅ፤ አንዱ ሌላውን ጎትቶ ማምጣቱ የተለመደ ነው። ከኖርዲኮቹ፣ ከሰሜን አውሮፓ የላርፕ አዘጋጆች፣ የወረስናቸው ሁለት ቃላት፣ ጨዋታውን የሚያቆመውና የሚያቀዘቅዘው፣ አስቀድመው ጮክ ተብለው ይለመዱ። ሲያልቅ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አብረው ይወያዩ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኦስሎ ላይ የኖርዲኮቹ የላርፕ ጉባኤ ክኑተፑንክት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ተጫዋች ደኅንነት ብዙ ተብሏል። መባሉ ብቻ ግን አልበቃም። እዚህ ያላችሁ አዘጋጆች መጠይቃችሁን አውጡና ያንን ጥያቄ አሁኑኑ ሰርዙልኝ። እምቢ የሚል ካለ ማይክሮፎኑ ይኸውና፤ ምክንያቱን ይንገረን።