ከማንቂያው በኋላ

የተከበራችሁ አዋላጆች፣ ሐኪሞችና የሶፍትዌር ባለሙያዎች፤

ነፍሰ ጡሯ ቤቷ ሆና ሆዷ ላይ የምታስረው ቀበቶ የፅንሱን የልብ ምትና የማህፀኗን መኮማተር መዝግቦ በስልኳ በኩል ለሐኪሟ ይልካል። ስልኩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ደግሞ መዝገቡን አንብቦ «ደህና ነው» ወይም «በአስቸኳይ ይታይ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1895 ከተሠራው የፒናር የእንጨት ማዳመጫ ተነስተን እዚህ መድረሳችን ያስደስታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ደህና ነው» የሚለው መልስ ነው።

ቀበቶው ውስጥ ያለው ዶፕለር፣ ማለትም የድምፅ ሞገድ ልኮ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሲመለስ የሚያዳምጠው መሣሪያ፣ የማንን ልብ እንደሚሰማ አያውቅም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሞገዱን ይመልስለታል። የፅንስ ልብ በደንቡ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። የእናትየው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው፤ ምጡ ጠንቶ ስትገፋ ግን የእሷም ከ110 ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ መሣሪያው የእናትየውን የደም ሥር እያዳመጠ ስክሪኑ ላይ ያማረ መስመር ይስላል። ፅንሱ ሞቶ እንኳ ቢሆን! ልምድ ያላት አዋላጅ ይህን ስለምታውቅ እያዳመጠች በሌላ እጇ የእናትየውን አንጓ ትይዛለች። ፕሮግራሙም የእናትየውን ምት ከጣቷ ላይ እየለካ ሁለቱን ማስተያየት፣ ከተመሳሰሉበትም «አልሰማሁም፣ ቀበቶውን አስተካክዪ» ማለት አለበት። ፅንስ እንደሚተኛም አትርሱ። ጭልጥ ብሎ ሲተኛ የምቱ መለዋወጥ ለ20 ወይም ለ40 ደቂቃ ሊቀንስ ስለሚችል የአሥር ደቂቃ መዝገብ ይዞ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ንባቡ ተስተካከለ እንበል፤ ያ ብቻውን ግን አይበቃም። ኢንፋንት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በዩናይትድ ኪንግደምና በአየርላንድ ከ46,000 በላይ ወላዶችን ያካተተ ነበር። ኮምፒውተሩ የልብ ምቱን መዝገብ እያነበበ አዋላጆችን ከረዳበት ወገንም ካልረዳበትም ክፉ ውጤት የገጠማቸው ጨቅላዎች 0.7 በመቶ ነበሩ። ይህ የሆነው ባለሙያው አልጋው አጠገብ ባለበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቤት ውስጥማ ማንቂያው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢጮህ ማን ያነሳዋል? ካላነሳስ ቀጥሎ ለማን ይደውላል? እናትየዋን የሚያደርሳት መኪናስ? በእኔ እምነት የፕሮግራሙ ትክክለኛነት ከመለካቱ በፊት የእነዚህ መልስ ከነሰው ስሙና ከነደቂቃው ተጽፎ መፈረም አለበት።

ጤነኛ እናቶች መሀል እውነተኛ አደጋ ጥቂት ስለሆነ ከሚጮኹት ማንቂያዎች ብዙዎቹ የሐሰት ይሆናሉ። እሱ ያደክማል፣ አላስፈላጊ ቀዶ ጥገናም ያመጣል። ከዚያ ይልቅ የምፈራው ግን የልጇ እንቅስቃሴ የቀነሰባት እናት ስልኳን አይታ «ደህና ነው ብሏል» ብላ ቤቷ መቅረቷን ነው። ስለዚህ ለሠሪዎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ደህና ነው» ከሚለው ቃል ሥር፣ በዚያው መጠን በተጻፈ ፊደል፣ «እንቅስቃሴው ከቀነሰብሽ ግን ይህን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ሂጂ» የሚል ይግባበት።

አመሰግናለሁ።