ደብረ ብርሃን የምኖረው ወድጄ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ሆኜ ስለምኖርባት ከተማ ላወራችሁ ነው።

ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። "አዲስ አበባ መቼ ነው የምትገባው?" ዘመድ ይጠይቃል፣ አብሮ የተማረ ጓደኛ ይጠይቃል። በክፋት አይደለም። ግን ውስጡ አንድ ግምት አለ፤ እዚህ ያለን ሰዎች ተራ እየጠበቅን ነው የሚል። እኔ ተራ እየጠበቅሁ አይደለም።

ብርዱን መቼም ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። በማለዳ ስወጣ ባለባጃጁ ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ የፊት መስታወቱን በክንዱ እየጠረገ ነው የማገኘው። የት እንደምሄድ አይጠይቀኝም፤ ያውቃል። የሚጠይቀኝ "እማማ ተሻላቸው?" ብሎ ነው። የእናቴን መታመም እኔ አልነገርኩትም። ሰፈሩ ነግሮታል። በዚያ ብርድ እንዲህ ተጠይቆ ቀኑን መጀመር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይሄው መተዋወቅ ግን ሌላውን ሰው ያስጨንቃል። ለወጣት ሴቶች በተለይ ከባድ ነው። ከማን ጋር ቡና እንደጠጣች ማታውኑ እናቷ ጆሮ ይደርሳል። አንዲት የጎረቤት ልጅ ከተማውን እንደምትወደው፣ ግን ሁሌ የሚያያት ሰው እንዳለ እያሰበች መራመድ እንደሰለቻት ነግራኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ወንድ ስለሆንኩ የቀለለኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሕክምና ነው። ሕመሙ ጠንከር ካለ ሪፈር ይጻፋል፤ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ታማሚው አልጋ ቢያገኝ እንኳ አስታማሚው የት ይደር? አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ይጠጋል፣ የሌለው ፔንሲዮን ይከፍላል። ለመድኃኒት የተዋጣው የዕድር ብር ለአዳር ያልቃል። ሰው ከተማውን ጠልቶ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ልጄ ሌሊት ቢታመምብኝስ ብሎ የሚሄድም አለ።

ደግሞ ከተማዋ ድሮ የምናውቃት አይደለችም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናገሻ ያደረጓት ናት። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ግን ደብረ ብርሃን ሲባል ትዝ የሚለው ብርድ ልብሱ ነው። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ቢራ ፋብሪካው መጣ፣ ብቅሉ መጣ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ። የአካባቢያችን ገብስ ገዢ በዛለት። ጦርነትና ግጭት ያፈናቀላቸው ወገኖቻችንም ከወለጋም ከሌላውም መጡ። ያኔ ከየቤቱ እንጀራ ሲወጣ፣ ልብስ ሲሰበሰብ አይቻለሁ። በዚያ እኮራለሁ።

ኪራይ ግን ተሰቀለ። ጠባሴ አካባቢ ቤት ያላቸው አንድ እናት ደስ ብሏቸዋል፤ ጡረታቸው የማይሸፍነውን ኪራዩ ሸፍኖላቸዋል። የማውቀው አስተማሪ ደግሞ በየጊዜው ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ዳር ይገፋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዳንዱ "ይሄ ሁሉ መጤ የመጣብን ነው" ሲል ግን አልስማማም። የመጣው ሰው ሠርቶ የሚበላ ነው። ጉድለቱ ፋብሪካ ሲታቀድ ሠራተኛው የሚያድርበት ቤትና የሚጠጣው ውሃ አብሮ አለመታቀዱ ነው።

በሚቀጥለው ይሄንኑ የኪራይ ጉዳይ እመለስበታለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አሰላ፣ የትም ያላችሁ፣ ተከራዮችም አከራዮችም፣ በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ። ስማችሁን አልጠራም። የምትከፍሉትን፣ የምትቀበሉትንም በግልጽ ንገሩኝ።