መጀመሪያ የማይነቃነቀውን ፈልጉ፦ ደሴ ላይ ለጤናና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ለቁንጅና ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጥርሱ አልገጥም ብሎ ቆሎ መቆርጠም ያቃተውን ጠይቁት እስቲ።

ሐኪሙ የታችኛውን መንጋጋ ግራና ቀኝ ይሰነጥቀዋል። ወደፊት ወይም ወደኋላ ያንሸራትተውና በቲታኒየም ፕሌትና ስክሩ ያስረዋል። መሰንጠቁ ኦስትሪያዊው ሐኪም ሁጎ ኦብዌጌሰር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ዘዴ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አጥንት አርፎ አይቀመጥም። አዲስ ጫና ሲያርፍበት አንዱ ጋ ይሟሟል፣ ሌላው ጋ ይገነባል። በተለይ ጆሮ ሥር ያለው የመንጋጋው ራስ፣ ኮንዳይል የምንለው። መንጋጋቸው ወደፊት በተሳበላቸው አንዳንድ ወጣት ሴቶች ላይ ይህ ራስ እያነሰ ይሄዳል። መንጋጋው ወደኋላ ይመለሳል፤ የፊት ጥርሶች መግጠም ያቆማሉ።

ይህን ድሮ የምንለካው በጎን ራጅ ላይ፣ በእርሳስና በማስመሪያ ነበር። ዛሬ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሱ የኮን ቢም ሲቲ (ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ) ምስሎችን ኮምፒውተር ይደራርባቸዋል። ሰው ምስሉ ላይ አጥንቱን በእጁ እየከለለ ሰዓታት የሚፈጅበትን ሥራ የሠለጠነ ሶፍትዌር በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ግን ምን ላይ ይደራርበው? በአሥር ዓመት ልዩነት የተነሱ ሁለት የደሴ ፎቶዎች አሉን እንበል። የከተማውን ለውጥ ለማየት የጦሳን ተራራ ከጦሳ ተራራ ጋር ትገጥማላችሁ እንጂ ፎቅን ከፎቅ ጋር አትገጥሙም። በአዋቂ ሰው ላይ ጦሳው ከአንጎል ሥር ያለው የራስ ቅል ወለል የፊት ክፍል ነው፤ ይህ ቀዶ ሕክምና አይነካውም። የኮንዳይሉን ቅርጽ ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ የዚያው መንጋጋ ያልተነካ ክፍል ላይ ግጠሙ።

ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ኢንጂነሮች፣ ሶፍትዌሩ የአጥንቱን ለውጥ የሚያሳይበት፣ በቀይና በሰማያዊ ያሸበረቀው ካርታ አያማልላችሁ። ምስሉ የተሠራበት አንዱ ነጥብ ስፋቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የ0.2 ሚሊ ሜትር “ለውጥ” ስታዩ ጠርጥሩ። መንጋጋው የታሰረበት ብረት ምስሉ ላይ የሚፈጥረው ነጭ ጭረትም አጥንት ሊመስል ይችላል። የኮንዳይሉ ቅርፊት ስስ ስለሆነ ሶፍትዌሩ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚያው፣ አጥብቀን የምንፈልገው ቦታ ላይ ነው። ጉድ እኮ ነው!

ሐኪሞች ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ምስል አንሱ። እሱ ከሌለ ከዓመት በኋላ የሚታየው ልዩነት ሐኪሙ ያመጣው ይሁን አጥንቱ ራሱ ያደረገው መለየት አይቻልም። ጨረር ነውና ያለ ምክንያት ግን አትደጋግሙት።

በሉ ወደ ጥያቄ እንግባ። የኮምቦልቻ ልጆች ይቅደሙ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሳይመሽ መውረድ አለባቸው።